የአባቴ ልብና የማይበረክት ባትሪ

አባቴ መስቀሉን የጣሉ ዕለት እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። የነገረችኝ እናቴ ናት። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «አባትሽ ወደቁ» አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ጮህኩባት። የት? መቼ? ለምን ሐኪም ቤት አልወሰዳችኋቸውም?

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ፣ ተነሥተዋል» አለች። «እሳቸው መውደቃቸውስ ይሁን። መስቀሉ ነው ከእጃቸው የወደቀው፣ ያውም ሰው ሁሉ እያየ።»

አባቴ ቄስ ናቸው። የሚያገለግሉበት ደብር ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል፤ ቤታችንም ከደብሩ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። የዐቢይ ጾም ነበር። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰው፣ ለሠርክ ጸሎት ቆመው ምእመናኑን መስቀል ሲያሳልሙ ድንገት ዓይናቸው ፈዘዘና ተዘረሩ። ይህ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን፣ አንዱን ጓሮ አንዱን እደጃፍ የወደቁትን፣ እናቴ ለጎረቤት ሳታሰማ ደብቃው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታ እንደማታውቅ!

ከዚያ ወዲያ ሰው በየቤቱ «የሚጥል በሽታ ነው» ማለት ጀመረ። ፊት ለፊት የተናገራቸው አንድም የለም፤ አገሩ ጎጃም ነው፣ ሰው እንዲያ በግልጥ አይዘልፍም። ግን መናገርም አላስፈለገ፤ አባቴ ራሳቸው በራሳቸው ፈረዱ። «መስቀል የጣለ እጅ ሥጋ ወደሙ አይነካም» ብለው መቅደስ መግባት ተዉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፃቸውን ከመጋረጃው ውስጥ ስሰማ ያደግሁት ሰው፣ እሑድ እሑድ ከውጭ ከሽማግሌዎቹ ጋር መቋሚያ ተደግፈው ያስቀድሱ ጀመር። እናቴ «አባትሽ ቆመው ሞቱ» ስትለኝ ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። አባቴን ከገና ወዲህ ያውቃቸዋል፤ የደም ግፊት አለብዎ ብሎ ክኒን ያስጀመራቸው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ወሰድናቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ ቅዳሜ፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መኪና አይጠፋም። ሦስቱንም ጊዜ ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጥፎ የልባቸውን ምት በወረቀት አወጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ሆነ። «መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ አባ?» ሲላቸው፣ አባቴ ኮራ ብለው «በቀን ሁለት። አንድም ቀን አጉድዬ አላውቅ» ይላሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረና «እኔ ጋ ሲመጡ ልባቸው ደህና ነው» አለኝ። «ሲወድቁ ልባቸው ምን እንደሚሠራ ካላየሁ ግን የሚጥል በሽታ ነውም አይደለምም ማለት አልችልም።»

ሲወድቁ ማን ያየዋል? ፋሲካ ከገባ ወዲህ ደግሞ አልወደቁም። የተጠመቁት ጠበል ነው ያለም አለ። አባቴ ግን ወደ መቅደስ አልተመለሱም፤ ምን እንደጣላቸው ሳያውቁ እንዴት ይመለሱ?

እኔ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው፣ ሳቅ ይመጣል፣ ሰው ሰውነት ላይ ታስረው የልብን ምት እየቆጠሩ ያለ ገመድ መልእክት ስለሚልኩ ትንንሽ ሴንሰሮች ነበር፤ ይበልጡንም ባትሪያቸው እንዴት ቶሎ እንዳያልቅ። ፍላጎቴ ሆኖ አይደለም። ጎበዞቹ ርእሳቸውን መርጠው ሲጨርሱ የቀረው እሱ ነው። ወረቀት ላይ ባትሪ ስቆጥብ ከርሜ ያ ባትሪ የማንን ልብ እንደሚያዳምጥ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ከፍኖተ ሰላም ስመለስ መኪናው ውስጥ ሐሳቡ መጣልኝ፣ አፍሬም ደነገጥኩም።

መሣሪያው ሦስት ነበር፦ ደረት ላይ የምትታሰር የልብ ምት የምትሰማ አንዲት፣ ወገብ ላይ የምትውል ሰውዬው ቆሟል ወይስ ወድቋል የምትለይ አንዲት፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሁለቱን ወሬ የሚቀበል ሳጥን። ጊዜው አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እስከ ጎጥ የወረደበት ዘመን ስለነበር፣ ለእናቴ ያስረዳኋት በዚያው ነው። «ሳጥኑ ሰብሳቢ፣ እነዚህ ሁለቱ አባል» አልኳት። «አይ እንግዲህ» አለች፣ «ስብሰባ ከሆነ ድካሙ አይቀርላቸውም።» እውነቷን ነበር። ልብ ማዳመጥ ብዙ ኃይል አይበላም፤ ባትሪውን የሚጨርሰው የሰሙትን ለሰብሳቢው መናገሩ ነው።

አባቴ ማሰሪያውን ሳስርላቸው ጣራ ጣራ አዩ። «ስንቱን የንስሐ ልጄን ክታብ አውልቅ እያልኩ የገሠጽኩ ሰውዬ፣ የገዛ ልጄ ክታብ ታስርልኝ?»

«ክታብ አይደለም አባ፣ ልብዎን ነው የሚቆጥረው።»

«ልብ የሚቆጥር አንድዬ ነው» አሉኝ። ቢሆንም ደረታቸውን ሰጡኝ።

ባሕር ዳር ስሞክረው ባትሪው ሳምንት ሙሉ ቆይቶ ነበር። እኛ ቤት በሁለተኛው ቀን ሞተ። የኤሌክትሪኩ መስመር በላያችን አልፎ ይሄዳል እንጂ መብራት ቤታችን አልገባም፤ ቻርጅ የሚደረገው ቡሬ ወርዶ ነው። በሳምንቱ ስመለስ ደጃፍ ላይ ምን አየሁ መሰላችሁ? ለጠላ በተሰጣ ብቅል መካከል፣ ሰፌድ ላይ፣ የኔ ሴንሰር ፀሐይ ይሞቃል!

«እማ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ደከመ አልሽ አይደል? የራዲዮኑ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ እናሞቀው የለም? ይነሣል።»

ያን ቀን የጮህኩባትን ጩኸት ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ግን ሴንሰሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝና «እንኪ፣ አንቺ እፍ ብለሽ አንሺው» ብላ ወደ ብቅሏ ተመለሰች።

ባትሪውን የገደለው ፀሐዩ እንዳልነበረ የገባኝ በማግሥቱ አባቴን ደብሩ ድረስ ስከተላቸው ነው። ባሕር ዳር ሴንሰሩም ሳጥኑም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። አባቴ ግን ጠረጴዛ ላይ አይውሉም። ወንዙን ተሻግረው ደብር ይሄዳሉ፣ እርሻ ይወርዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። ሳጥኑ ቤት ይቀራል። ሴንሰሩ ታዲያ ሰብሳቢውን ሲያጣ መጣራት ይጀምራል። መልስ የለም፣ ይጣራል፣ መልስ የለም፣ ይጣራል። ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ሲጮህ ውሎ ማታ ምን ኃይል ይተርፈው?

ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። መልስ ካላገኘህ አትጩኽ፣ ይዘኸው ዋል፣ ቤት ስትገባ ትናገራለህ አልኩት። ደግሞም ምቱ ካልተለወጠ ዝም በል፣ ሲለወጥ ብቻ ተናገር። እናቴ ይህን ስትሰማ አልተዋጠላትም። «ዝም ካለ እሳቸው ደህና መሆናቸውን ወይ እሱ መሞቱን በምን ልወቀው?» አለች። እናቴን ማንበብ ያስተማራት የለም፤ የጠየቀችው ግን የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ የጠየቀኝን ነው። መላውን ያመጣችውም ራሷ ናት። ከወንዝ ማዶ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት አለች፤ ደህና ማደሯን የምናውቀው ጠዋት ከጣራዋ ጭስ ሲወጣ ነው። «እንደዚያ ጠዋት ጠዋት አንዴ ጭሱን ያሳየን፣ ከዚያ ዝም ይበል» አለች። እንዳለችው አደረግሁት፤ ሳጥኑ ላይ ጠዋት ጠዋት አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ እንድትል። ባትሪው አምስት ቀን ቆየ።

አምስት ቀን ግን ምን ያደርጋል? እኔ የምመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ስለዚህ ጨከንኩና፣ የደረቱ ሴንሰር በሰዓት አንድ ደቂቃ ብቻ ነቅቶ እንዲያዳምጥ፣ ሌላውን እንዲተኛ አደረግሁ። ባትሪው ሁለት ሳምንት በረከተ። ደስ አለኝ፣ ለአማካሪዬም ኩራቴን ጻፍኩለት።

የሰኔ ጾም ገባ። አባቴ ወደቁ።

ጭቃውን እያቦካሁ ደረስኩ። ግንባራቸው ተልጧል። የሴንሰሩን መዝገብ ከፈትኩ። አሥር ሰዓት ላይ ነቅቷል፣ ምታቸው ደህና። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅቷል፣ ምታቸው ዝቅ ያለ ይመስላል ግን አያስደነግጥም። የወገቡ ሴንሰር እንደመዘገበው የወደቁት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የደረቱ ተኝቷል። ይኸ ጉድ ነው! ሌባ ሲገባ ያንቀላፋ ዘበኛ አሳደርኩላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሳጥኑን አንሥቼ ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ስል አባቴ «ተይው፣ እሱ ምን አደረገ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሁልጊዜ ልንቃ ካልኩ ባትሪው ያልቃል፤ በየሰዓቱ ልንቃ ካልኩ ያመልጠኛል። መንቃት ያለብኝ ሲወድቁ ነው። ታዲያ መቼ ነው የሚወድቁት? ይህን ሁሉ ወር ስለፋ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አባቴን ጠየቅኋቸው። «እግዜር ባለ ጊዜ» አሉ።

እናቴን ጠየቅኋት። ጌሾ ትቀነጥስ ነበር፣ ቀናም አላለች። «ጾም ቀን ነዋ። ፍስክ ላይ ወድቀው አያውቁ። ቅዳሜና እሑድም አይወድቁ። ጾም ቀን፣ ከቅዳሴ ገብተው፣ በልተው ትንሽ ሲቆዩ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መጀመሪያ ጾሙ ራሱ ነው ብዬ ከአባቴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ በዚህ ዕድሜ፣ ይተዉት! አልኳቸው። «እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሬ ጾሜያለሁ፤ ጾም ሰው ሲጥል አላየሁም» አሉኝ፣ ቁጣዬን ከቁጥር ሳያስገቡ። እኔም ሳስበው ነገሩ አልገጠመልኝም። ረኃብ ከሆነ ከመብላታቸው በፊት ነበር መውደቅ ያለባቸው። በልተው፣ ጠጥተው፣ ሁለት ሰዓት ቆይተው ለምን?

ሴንሰሩን እንደገና አዘዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ተኛ፣ ቅዳሜና እሑድም ተኛ፣ ጠዋትም ተኛ። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ግን ዓይንህን እንዳትከድን። ያጠራቀምኩትን ኃይል ሁሉ እነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ላይ አፈሰስኩት። እኔም ወደ ባሕር ዳር አልተመለስኩም።

ዓርብ ነበር። ውጭ ይዘንባል። አባቴ ከደብር ገቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሽሮአቸውን በሉ። እኔ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የልባቸው ምት በቁጥር የሚወጣበት መስታወቱ ላይ ዓይኔን ተክያለሁ። ሰባ ሁለት። ሰባ። አባቴ ከግድግዳው መስኮት ላይ አንድ ነገር አነሡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተቀመጡ፤ እኔ እሳቸውን አላየሁም፣ የማየው ቁጥር ነው። አሥር ሰዓት፣ ስልሳ። አሥር ተኩል፣ አምሳ ሁለት። ልቤ መምታት ጀመረ፣ የእኔ ልብ ማለቴ ነው። አርባ አራት። አባቴ ዳዊታቸውን ሊያመጡ ብድግ አሉ። ሠላሳ ስድስት።

«አባ ይቀመጡ!» ብዬ ዘለልኩ። ሳጥኑ ከጉልበቴ ወደቀ። ወገባቸውን ያዝኩና መደቡ ላይ አስተኛኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ግን ያያሉ፣ ይሰማሉ። እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረግሁ። እናቴ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» ትላለች። ቀስ በቀስ የከንፈራቸው ቀለም ተመለሰ።

«ወይ ጉድ» አለች እናቴ ስትረጋጋ፤ «ክኒናቸውን እኮ አሁን ነው የዋጡት። ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይሠራል?»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባ፣ ስንት ዋጡ?»

«ሁለት ነዋ። የጠዋቱንና የማታውን።»

«አንድ ላይ?»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ?» አሉኝ እንደተኙ። «ክኒን ያለ ውሃ አይወርድ። ጠዋት ውሃ ከጠጣሁ ጾሜ ፈረሰ። ሐኪሙ በቀን ሁለት አለኝ፣ እኔም ጾም ሲፈታ ሁለቱን እውጣለሁ። አንዱንም አላጎደልኩ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐኪም ሲሄዱ፣ ቅዳሜ ቁርስ ስለማይከለከል፣ የጠዋቱን አንዱን ብቻ ውጠው ነው፤ ስለዚህ ልባቸው ደህና ነበር። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ጾም የለም፤ ስለዚህ አልወደቁም። ሁሉም አንድ በአንድ ሲገጣጠም ይታየኛል። ከዚያ ቁጣዬ መጣ።

«ለንስሐ ልጆችዎ መድኃኒት ጾም አይሽርም እያሉ የሚያስተምሩ እርስዎ አይደሉም?»

«እላለሁ።»

«ታዲያ ለራስዎስ?»

«እኔ ቄስ ነኝ።»

«ቄስ ልብ የለውም?» ብዬ ጮህኩ። እናቴ «አንቺ ልጅ!» ስትል መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቅም ልቅሶም አብሮ መጣብኝ፣ የትኛው እንደሚቀድም አላወቅሁም። የሚጥል በሽታ አይደለም። ልባቸውም አልታመመ። ሁለት ክኒን ነው፣ እፍኝ የማትሞላ ሁለት ክኒን! እናቴ ነገሩ ሲገባት እልል ልትል ከንፈሯን ካሾለች በኋላ ጎረቤት ይሰማል ብላ ተወችው፤ ከዚያ ግን አልቻለችም፣ አቀለጠችው።

በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ወረድን። ሐኪሙ በሴንሰሩ መዝገብ ላይ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እየወረደ የሚሄደውን መስመር በጣቱ ተከተለው። ክኒኑ ራሱ የልብ ምት የሚያዘገይ ነው፤ የቀኑን ሙሉ አንድ ላይ መዋጥ፣ ያውም ሲጾም በዋለ ሰውነት፣ ማንንም ይጥላል አለን። «በትክክል ይወስዳሉ ወይ ብዬ ነበር የምጠይቅዎ» አለ ግንባሩን እየዳበሰ፤ «በስንት ሰዓት ብዬ ብጠይቅዎ ኖሮ...» አባቴ «እኔም አልዋሸሁም» አሉት። ተሳሳቁ። ክኒኑን ቀየረላቸው፤ በቀን አንድ፣ ማታ ከእራት በኋላ። ጾም የማይነካ።

ማሰሪያውን ግን ክረምቱን እንዲያቆዩት ለመንኳቸው። ጾም ቀን በዘጠኝ ሰዓት ሴንሰሩ ይነቃል፣ ያዳምጣል፣ የሚለው የለውም። እናቴ በስልክ «ጭሱ ታይቷል» ትለኛለች፣ ሌላ ወሬ የለም። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌም በዝናቡ አለፈ። አባቴ አልወደቁም። ቢሆንም መቅደስ አልገቡም፤ «ፍልሰታን ልየው» አሉ። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፣ ሕፃን ሳይቀር ይቆርባል።

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀር ሄድኩ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከሴቶቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ፣ ከልማዴ ሳጥኑን በነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ይዣለሁ። ቅዳሴው ገባ። ከመጋረጃው ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከልጅነቴ የማውቀው። አጠገቤ ያለችው እናቴ እጄን ጨበጠችኝ፣ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ደረሰች። ሳጥኑን አላየሁትም። በመሐል ትዝ ብሎኝ ሳየው ሳላውቀው ተዘግቷል፤ ባትሪው አልቋል። ቻርጅ ማድረግ ረስቼ! አንዲት ልጅ ይህን ያህል ወር ባትሪ ስትቆጥብ ከርማ በዚያ ቀን ቻርጅ ትረሳለች? ግን አልተናደድኩም። በሕይወቴ ነገር ሲበላሽ ያልተናደድኩበት ያ አንድ ቀን ይመስለኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥርዓቱ ተፈጽሞ ሰው ሲበተን አባቴ ወጡ። ያንኑ የወደቀውን መስቀል ይዘዋል። ሰው ተራ በተራ ይሳለማል፤ «የሚጥል በሽታ ነው» ይሉ የነበሩትም ጭምር፣ ይበልጡንም እነሱ። ተራዬ ደርሶ ተሳልሜ ቀና ስል ሳጥኑን አዩት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሞቷል አባ። ባትሪው አልቋል።»

ፈገግ አሉ። የግራ እጃቸውን ካባ ሰብሰብ አድርገው አንጓቸውን ዘረጉልኝ። «እንኪ፣ ይህ ባትሪ አይበላም። ቁጠሪ።»

ጣቶቼን አንጓቸው ላይ አደረግሁ። ከቆዳቸው ሥር አለ፣ ይመታል፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጀመርኩ። ሃያ አካባቢ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላው።

«ስንት ደረሰ?»

«ጠፋብኝ አባ። እንደገና ልጀምር።»

«ጀምሪ፣ አልቸኩልም» አሉና፣ በቀኝ እጃቸው መስቀሉን እንደያዙ ዝናቡ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።